የእማማ ታንጉት የጡት ልጆች

ዳናይት የዶሮ ላባ ዘይት ውስጥ እየነከረች የበሯን መቀርቀሪያ ታሽ ነበር። ወፍራም ብረት ነው፤ ሲገፉት ይጮኻል። ይህን ክፍል ስትከራይ ከፍራሽ በፊት የገዛችው እሱን ነው፤ በሩ ላይ ያሰረችውም ራሷ ናት። በእሷ ሥራ ያለ ፍራሽ መክረም ይቻላል፤ ያለ መቀርቀሪያ ግን አይቻልም። የሰከረ ሰው ደጁን ሲደበድብ፣ ጨርሶ የወጣ ሰው ተመልሼ ልግባ ሲል፣ ወይም እንዲያው ብቻዋን መተኛት ሲያምራት፣ በዚህ ዓለም ላይ እሺ ብሎ የሚታዘዛት ይኸው ብረት ነው።

ላባውን እንደገና ስትነክር ባጃጁ መጣ። ጣሪያው ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ባለፈው ሳምንት የልጆች ክትባት ሲለፍፍ የከረመው ነው፤ ከዚያ በፊት የሳሙና ቅናሽ ለፍፏል። ድምፁ ያው ነው፣ ደስታውም ያው።

«ክቡራን የቆቦ ከተማ ነዋሪዎች! ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መጠጥ በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ከቤቱ ባለቤትና ከቤተሰቧ በስተቀር ሌላ ሴት ማደር በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን!»

ከጎኗ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሙሉ፣ ግቢው መሃል ጎንበስ ብላ ጸጉሯን ትታጠብ ነበር። አረፋውን ከጆሮዋ ጠረገች።

«ምን አለ?»

«ሌላ ሴት አታድርም አለ።»

«ወንድስ?»

«ስለ ወንድ ያለው ነገር የለም።»

«እሱማ ይደር። ምን አደረገ!» አለችና ጭንቅላቷን መልሳ ባልዲው ውስጥ ደፋች።

ሙሉ የጎብዬ ልጅ ናት፤ በዕድሜም በምላስም ዳናይትን ትበልጣታለች። ብዙ ደንብ ሲመጣና ሲሄድ አይታለች። ስለ እነሱ የሚወጣ ደንብ እንደ ራያ ደመና ነው፤ ከላይ ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ሄዶ ይዘንባል። አምና ግን ዘንቦ ነበር። አምና አስፋልት ዳር መቆም ተከለከለ። የከተማውን ገጽታ ታበላሻላችሁ ተባሉ። ዳናይት ነገሩ አልገባትም፤ አስፋልቱ ዳር ከእነሱ ሌላ የነበረው የተበላሸ አይሱዙና የአህያ ፋንድያ ነው። ቢሆንም ቤት ያላቸው ቤት ገቡ። አሁን ደግሞ ከቤት ውጡ ሆነ። ግቡ ያለው ሰውና ውጡ ያለው ሰው አንድ ኮሪደር ላይ ይሠሩ ይሆናል፤ ሰላም የሚባባሉ ግን አይመስልም።

የአምናው ዝናብ የወረደው ጓደኛቸው ቤዛ ላይ ነው። ቤዛ የራሷ ክፍል አልነበራትም። አስፋልቱ ሲከለከል ወደ ሮቢት መውጫ፣ ደንብ አስከባሪ የማይደርስበት የማሽላ ማሳ ዳር ሄደች። ደንብ አስከባሪ የማይደርስበት ቦታ ሌላም ሰው አይደርስበትም። አንድ ጠዋት ወፍ ሊጠብቁ የወጡ ገበሬዎች አግኝተዋት በጋሪ ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሷት። መንጋጋዋ ተሰብሯል። ክሰሺ ሲሏት አልከሰሰችም፤ መጀመሪያ የምትጠየቀው «እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» መሆኑን ታውቃለች። አሁን እህቷ ቤት ናት፤ አጥሚት በማንኪያ ይሰጧታል።

ዳናይት መቀርቀሪያውን ገፋችው። አልጮኸም። ሰኞ ከዚህ ከወጣች የምትሄድበትን ቦታ ታውቀዋለች። እዚያ በር የለም።

*

ፍሬሰላም በምሳ ሰዓት መጣ። ፍሬሰላም የደንብ አስከባሪዎቹ አለቃ ነው። የቤቱ ባለቤት የእማማ ታንጉት የወንድም ልጅም ነው። የዳናይት ደንበኛም ነው። ሦስቱንም ሥራ ሳያምታታ ይሠራቸዋል፤ አለቃነቱን ጠዋት፣ የወንድም ልጅነቱን ምሳ ላይ፣ ደንበኝነቱን ከሰዓት በኋላ። ዛሬ ግን በአክስቱ ሰዓት የአለቃ ኮፍያውን እንዳደረገ ገባ። የመጣው ለክፉ እንደሆነ ሁሉም አወቁ።

«አክስቴ፣ ሰምተሻል መቼም። ልጆቹ እስከ ሰኞ ይልቀቁ።»

እማማ ታንጉት የጠላ ጣሳ እያጠቡ ነበር። ቀና አላሉም።

«ባል የለኝ፣ ልጅ አልወለድሁ። ማታ ደጅ ወጥቼ ብወድቅ ማን ያነሳኛል? አንተ?»

«እኔማ አነሳሻለሁ…»

«አንተን ራስህን ስትወድቅ የሚያነሱህ እነሱ ናቸው።»

ፍሬሰላም ኮፍያውን አወለቀ። «አክስቴ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁት። ቤተሰብ ብቻ ይላል። ቤተሰብ ቢሆኑ ኖሮ እኔ ራሴ ቁሜ እከራከር ነበር።»

ዳናይት የዘይቱን ስኒ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ቤተሰብ ብንሆንስ?»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ጡት ብንጠባስ?»

ሙሉ ፎጣዋን ከጭንቅላቷ አወረደች። ጡት መጥባት ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ልጅ ያጣ ሰው አገር ያጣን እንግዳ በሽማግሌ ፊት፣ ማር በተቀባ ጡት ልጁ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ የጠባው ከማኅፀን ከወጣው ልጅ አይለይም፤ ይወርሳል፣ ይቀብራል። ራያ ላይ ያን የሚክድ ሰው ቢሞት የሚሸከመው አያገኝም። ዳናይት አላማጣ ያለው አጎቷ እንዲህ ባለ መንገድ ሰባት ወንድሞች ሲያገኝ አይታለች።

«እረግ!» አሉ እማማ ታንጉት። «በስተርጅና ላጥባ?»

«ላንቺም ልጅ ነው እኮ፣ እማማ።»

«ልጅስ ልጅ ነው። ጥርስ ያለው ነው እንጂ!»

ፍሬሰላም ሳቀ። ከገባ ጀምሮ ፊቱን የፈታው አሁን ነው። ዳናይት ከዚህ ቤት አለመውጣቷ እሱንም ደስ የሚያሰኘው በራሱ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ግን ለአክስቱ አይነግርም።

«በሽማግሌ ፊት ከሆነ ማን ምን ይላል?» አለ። «አያ አራጌን እኔ አመጣለሁ። ማሩንም እኔ እገዛለሁ።»

በኋላ ሙሉ ይህን ቀን ስታወራ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ትቆማለች። «ማሩን እኮ ራሱ ነው የገዛው!» ትላለች።

*

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ሞላ። አያ አራጌ የጎሳው የትውልድ ቆጣሪ ናቸው፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን ማግባት እንደማይችል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ግቢው ውስጥ ባለችው የኒም ዛፍ ሥር በርጩማ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ወንዶች በአጥሩ ጥግ ተደረደሩ። ከጎረቤት ያለው በያጁ ረዲም መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መጣ። እሱም በእማማ ታንጉት እናት በኩል ዘመድ ነው። የሙሉም ደንበኛ ነው።

ሁለት ጎረቤቶች ጋቢ ዘርግተው ጋረዱ። እማማ ታንጉት ከጋቢው ጀርባ ተቀመጡ።

«ባሌ እንኳ በቀን ብርሃን አላየውም፤ ነፍሱን ይማረውና!» ሲሉ ተሰሙ።

አያ አራጌ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል። «ዳናይት ጠባች ወይ?»

«ጠባች!» አሉ ጋቢውን የያዙት ሴቶች።

«ሙሉስ?»

«እየጠባች ነው!»

«ምነው ቆየች?»

«ማሩ ጥሩ ነው፣ አያ!» አለች ሙሉ ከውስጥ።

«ንከሽኝና!» አሉ እማማ ታንጉት። «ደንብ ሳልጠብቅ ነው የማባርርሽ!»

ጋቢው ወረደ። ዳናይት አፏ ዙሪያ ማር ነበረባት፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ስትመጣ ልትስቅ ነበር ያሰበችው። አሁን ግን አሮጊቷ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ልጄ» ሲሏት ዓይኗንም በዚያው እጇ ጠረገች፤ ደግነቱ የሚያያት አልነበረም፤ ሁሉም ሙሉን እያዩ ይስቃሉ።

አያ አራጌ መረቁ። ከብቱ ይርባ፣ ደመናው ይውረድ፣ እንግዳው ይልመድ አሉ፤ ወንዶቹ አሜን አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ሥራቸውን ጀመሩ።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ዘመዳችሁን እወቁ። አለዚያ ነውር ይመጣል። ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ነው። የእናታችሁ የታንጉት እህት ልጅ በርሄ ነው፤ ባለ ወፍጮ ቤቱ።»

ዳናይት በርሄን አየችው። በርሄ ጫማውን አየ።

«የአጎቷ የልጅ ልጅ ሕሉፍ፤ መናኸሪያው ትኬት የሚቆርጠው። የሕሉፍ ታናሽ አማኑኤል፤ መምህሩ።»

ሙሉ በጣቷ እየቆጠረች ነበር። ጣቶቿ አለቁና እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች። አያ አራጌ አላቆሙም። የታንጉት አባት ሦስት ሚስት አግብተዋል፤ አያቷም አላነሱም። ስም በተጠራ ቁጥር አጥሩ ጥግ አንድ ሰው ያስላል፣ ወይም የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ቆቦ ውስጥ ከዚህ ጎሳ ያልተወለደ ወንድ ቢፈለግ የሚገኘው ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ፖሊስ ብቻ ይመስል ነበር።

«አያ፣» አለ ረዲ መነጽሩን ከግንባሩ እያወረደ፣ «እኛ በእስልምና እስከ ሰባት ቤት አንቆጥርም እኮ። የአጎት ልጅም ይጋባል።»

«ጡትስ? የጡት ዘመድ ይጋባል?»

ረዲ አሰበ። ሙሉን አየ፣ መሬቱን አየ። «ወላሂ እሱን… ሼኩን ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ተነሳ። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሼኩን ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው አላሰበበትም ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

«በመጨረሻም፣» አሉ አያ አራጌ፣ «የወንድሟ ልጅ፣ ለዚህ ቤት ከሁሉ የሚቀርበው። ፍሬሰላም! ና፣ ልጄ። እህቶችህን ሳም።»

ፍሬሰላም የባዶውን የማር ሰሃን ይዞ ቆሞ ነበር። ሰሃኑን የት እንደሚያስቀምጠው አጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱ ሥራዎቹ በአንድ ሰዓት ላይ መጡበት። ቀስ ብሎ ቀረበና እንደ መስቀል ተሳላሚ ከሩቅ አጎንብሶ የዳናይትን ጉንጭ ሳመ።

«ዋይ፣ ምን አደረግሁ!» አለች ዳናይት በሹክሹክታ።

«እኔስ!» አለ ፍሬሰላም።

*

ሰኞ ማንም አላባረራቸውም። ደንቡ ቤተሰብ አለ፤ ቤተሰብ ናቸው፤ አያ አራጌ ምስክር ናቸው። ዳናይት ክፍሏ ውስጥ ቀረች። ግን የሚመጣ ሰው ቀረ።

መምጣቱንስ ይመጣሉ። በርሄ ዱቄት ይዞ ይመጣል። ሕሉፍ አዲሶቹ እህቶቹ ወደ ወልድያ መሄድ ሲፈልጉ ጥሩ ወንበር እንደሚይዝላቸው ነግሯቸዋል፤ ወልድያ ግን የሚያደርሳቸው ጉዳይ የላቸውም። መምህር አማኑኤል ጠላውን እየጠጣ ስለ ማታ ትምህርት ይመክራል። ሁሉም «እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ?» ብለው ግንባሯን ስመው፣ ጠላቸውን ጨርሰው፣ ወደ ሚስቶቻቸው በጊዜ ይገባሉ። ሚስቶቻቸው ለእማማ ታንጉት ቅቤ ላኩ።

«ወንድም በዛ፣ ወንድ ጠፋ» አለች ሙሉ። «አምስት ደንብ ያላስቀረውን ሥራ አንድ ሰሃን ማር አስቀረው።»

የተረፉላቸው መንገደኞች ናቸው፤ ወደ መቀሌ የሚወጡ ሹፌሮች፣ ከአፋር በኩል ከብት ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች። እነሱም ላይ ሙሉ አዲስ ጠባይ አመጣች። አያ አራጌ ነውር ይመጣል ያሉት ቃል ውስጧ ገብቷል። አንድ ሹፌር ገና ቁጭ ሳይል «የማን ልጅ ነህ? አያትህስ? እናትህ ከየት ናት?» አለችው። ሹፌሩ ደህንነት መሰለችው፤ ቢራውን ሳይጨርስ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«ሙሉዬ፣ እንዲህ ከጠየቅሽ እኮ በረሃብ ማለቃችን ነው» አለች ዳናይት።

«ከወንድሜ ጋር ከምተኛ ብራብ ይሻለኛል።»

«እሱ የደቡብ ልጅ ነው! አነጋገሩን አልሰማሽም?»

«የታንጉት አያት ነጋዴ ነበሩ። የት የት እንደደረሱ ማን ያውቃል?»

ፍሬሰላም ከሰዓት በኋላ መምጣቱን አልተወም። አሁን ግን ደጅ ነው የሚቀመጠው። ድሮ ወደ ዳናይት ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቅ ነበር፤ እንቅልፍም ስለማይበቃው ብዙ ጊዜ ተኝቶ ብቻ ነው የሚሄደው። ከሁሉ የማያስቸግር እሱ ነበር። አሁን ጫማውን አያወልቅም፤ በሯን ላለማየት ፊቱን ወደ ኒሟ አዙሮ ይጠጣል። ዳናይት ታዝንለታለች። ለራሷም ታዝናለች። ግን ማታ መቀርቀሪያዋን ስትገፋ የቤዛን መንጋጋ ታስታውስና ትተኛለች።

*

ባጃጁ ተመልሶ የመጣው ማሽላው ሲያዘረዝር ነው።

«ክቡራን ነዋሪዎች! መጠጥ በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ያለ ማንኛውም የመኝታ ክፍል፣ ለቁጥጥር ያመች ዘንድ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር በር እንዳይኖረው የተወሰነ መሆኑን በደስታ…»

«በደስታ ይላል ደግሞ!» አለች ሙሉ። «እግዜር እንኳ ሲቆጣጠር መቀርቀሪያ አያስነቅልም።»

ዳናይት አልሳቀችም። ሄዳ በሯ ላይ ቆመች፤ በትከሻዋ መቀርቀሪያውን ከልላ።

በማግስቱ ፍሬሰላም ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትሎ፣ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ኒሟ ሥር አያ አራጌ ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል። እማማ ታንጉት ጣሳ ያጥባሉ። ፍሬሰላም ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ዳናይት በር ሄደ።

«ዞር በይልኝ።»

«ዛሬ ማን ሆነህ ነው የመጣህ?» አለችው።

«እንዴት ማን ሆነህ?»

«አለቃ ነህ ወይስ ወንድም?»

ፍሬሰላም ወደ ሁለቱ ሰዎቹ በዓይኑ አመለከታት። «አለቃ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ «ዳናዬ፣ እባክሽ። እኔ ካልነቀልሁት ሌላ ሰው ይልካሉ» አለ።

ዞር አለችለት። ብሎኖቹ በዘይት ለስልሰዋል፤ ሳይታገል ወጡ። ብረቱ መዳፉ ላይ ወደቀ። በሩ ላይ የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው። ንፋስ በሩን ገፋ አደረገውና ወለል አለ፤ ፍራሿ፣ የተጣጠፈ ብርድ ልብሷ፣ የጸጉር ቅባቷ፣ ሁሉም ከግቢው ታየ።

አያ አራጌ ጣሳቸውን አስቀመጡ። ማንንም አልተናገሩም፤ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው «በእኛ ዘመን፣» አሉ፣ «ወንድም ባይረባ ባይረባ የእህቱን ደጅ ይጠብቅ ነበር።»

«ዛሬ ብረቷን ይነቅላል» አሉ እማማ ታንጉት ጣሳውን እያሹ። «ሥልጣኔ ነው፣ አያ።»

የፍሬሰላም ጆሮ ቀላ። ብረቱን መዳፉ ውስጥ ገለበጠው። ክፍሉን ያውቀዋል። በሩ ሲዘጋ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ያውቃል፤ ስንት ከሰዓት በኋላ በዚያ ጸጥታ ተኝቷል።

«አለቃ፣ መቀርቀሪያውን እኔ ልያዘው?» አለ አንዱ ደንብ አስከባሪ፣ ማዳበሪያ ከፍቶ።

«ለምን?»

«ልንወስደው ነዋ።»

«መመሪያው ይነቀል ነው ያለው» አለ ፍሬሰላም ቀስ ብሎ። «ይወሰድ ይላል?»

ደንብ አስከባሪው አሰበ። «አይልም።»

«እኔ ከመመሪያ ውጭ አልሠራም።» ብረቱንና ብሎኖቹን ዳናይት እጅ ላይ አስቀመጠ። «ይሄ ተነቅሏል። ተነቅሏል አይደል?»

«ተነቅሏል፣ አለቃ።»

«የሙሉንም ልንቀለው።» ሄዶ ነቀለው፤ ለሙሉም ሰጣት። ከዚያ ካቻቢቴውን ዳናይት መስኮት ላይ ጣል አድርጎ ወደ ኒሟ ተራመደ።

«አለቃ፣ ካቻቢቴህን ረሳህ!»

«የአክስቴ ቤት ነው፤ ዕቃ አይጠፋም። እናንተ ወደሚቀጥለው ግቢ ቅደሙ፤ ጠላ ልቅመስና እመጣለሁ።»

ሁለቱ ሄዱ። ፍሬሰላም በርጩማ ሳበና ፊቱን ወደ አጥሩ፣ ጀርባውን ወደ ክፍሎቹ አድርጎ ተቀመጠ። እማማ ታንጉት ጣሳውን እስከ አፉ ሞልተው ሰጡት። ከዚያ ቤት ጣሳ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም።

«በየሰኞው እየመጣሁ እነቅላለሁ» አለ ለአጥሩ። «ሥራዬ ነው።»

«ንቀል፣ ወንድምዓለም» አለች ሙሉ ከጀርባው። «እኛስ መች ሥራ አጣን?»

አያ አራጌም በርጩማቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ከእሑዱ ቀን ጀምሮ የለመዱት ነው።

ዳናይት ብረቱን በሩ ላይ አስጠግታ ቀዳዳዎቹን ፈለገች። አንዱ ብሎን አልይዝ አላት፤ እንጨቱ ሰፍቷል። የክብሪት እንጨት ሰብራ ቀዳዳው ውስጥ ከተተችና እንደገና አዞረችው። ያዘ። ላባውን ከስኒው አውጥታ አንድ ጊዜ አሸችው፤ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና ብረቱን ገፋችው። አልጮኸም። መልሳ ከፈተችው፣ ካቻቢቴውን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችና መስኮቱ ላይ፣ ከዘይቱ ስኒ አጠገብ አስቀመጠችው።